ከፖም ዛፉ አሥራ ሁለት እርምጃ

ጎርና ቨርባ፣ ማርች 12 ቀን 2018

«የሐዘን ማስታወቂያ። የጎርና ቨርባ መንደር ነዋሪ የነበረውና ላለፉት አምስት ዓመታት መንደሩን በታማኝነት ያገለገለው አውራ ዶሮ ኮሎኔል፣ ከጃንዋሪ ወር ጀምሮ ባደረበት የድምፅ መዘጋት ምክንያት ከሥራው ተሰናብቶ፣ ባለፈው እሑድ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ድስት ውስጥ ማረፉን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በጥልቅ ኀዘን እናስታውቃለን። ሥርዓተ ቀብሩ ከድንችና ከካሮት ጋር ተፈጽሟል። ልቅሶ ደራሾች፦ አያ ጾሎና ባለቤቱ እትዬ ስታንካ።»

የኔ ዴኒጻ፣ ይህንን ወረቀት ዙሪያውን በጥቁር አስምሬበት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሌሎቹ ሙታን ማስታወቂያ ጎን ማለቴ ነው። ሰባተኛ ዓመቱ የሆነው የመምህሩ አለ፣ አርባ ቀኑ የሆነው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አለ፣ የአያትሽ የኔዳም አለ፤ ፎቶዋን ፀሐይ ስላነጣው በቀደም ለውጬዋለሁ። ስቆጥራቸው ግድግዳው ላይ ሃያ ስድስት ሆኑ። በሕይወት ያለነው አሥራ ዘጠኝ ነን። ኮሎኔልን የጨመርኩት ያው ሚዛኑ ከተበላሸ ወዲህ አንድ ዶሮ ምን ያከብደዋል ብዬ ነው።

ሾርባውን ስንጠጣ አያ ጾሎ ማንኪያውን አቁሞ «ራንጌል፣ ይሄ ዶሮ እኮ ዛሬ ጠዋትም ቀስቅሶኛል» አለኝ። ቀልዱ ባይጥመኝም ሳቅኩለት።

ስለ ጤናዬ ጠይቀሻል፤ ደህና ነኝ። ቀኝ ትከሻዬ ብቻ የእኔ መሆኑን ረስቷል። ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽው፣ መስመሩ ተበላሽቷል። አንስቼ ባዳምጥ ንፋስ ነው የሚወጣው። ደብዳቤ ይሻላል፤ ደብዳቤ ላይ አንቺም አትጮሂም፣ እኔም «ምን አልሽ?» እያልኩ አላሰለችሽም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎን፣ እውነት ነው። ኔዳ ልጅ ሆነሽ ለማስተኛት የነገረችሽ ተረት አይደለም። አንቺ የተወለድሽ ሳምንት፣ ኦክቶበር 1991፣ አባትሽ ሥራ ፍለጋ ግሪክ ወርዶ ስለነበር (እንደወረደም ስለቀረ) በአባት ፈንታ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሊትር የፕሪም አረቄ፣ በሸንበቆ ቅርጫት በታቀፈ ትልቅ የብርጭቆ ደምጃን። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሲወለድ ይቀበራል፣ ልጅ ሲዳር ይወጣል። ሌላው ሰው ደምጃኑን ቀብሮ ይሄዳል። እኔ ብልጥ ነኝ። የአረቄ ማውጫው ጋን የመዳብ ክዳን ነበረው፤ እሱን ከላዩ ደፋሁበት። ለሠርግሽ ስንቆፍር አካፋው መጀመሪያ መዳቡን እንዲያገኘው፣ ብርጭቆው እንዳይሰበር። ቦታውንም ለክቼ ያዝኩ፦ ከፖም ዛፉ ወደ ውኃ ጉድጓዱ አሥራ ሁለት እርምጃ።

እንግዲህ ፖሙን በ2004 በረዶ ጣለው፤ ጉቶውንም ነቅለን አንድደነዋል። የውኃ ጉድጓዱ ቧንቧ ሲገባ ተደፍኗል። የቀረኝ እርምጃው ነው፤ እሱም የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው እርምጃ ነው። ዛሬ አሥራ ሁለት ጊዜ ብራመድ ከበረንዳው አልወርድም።

ግቢው ግማሽ ሄክታር ነው፤ በአካፋ ልገለብጠው አልችልም። አንቺ ደግሞ ወይኑ እንደተለቀመ፣ በሴፕቴምበር፣ ሙሽራ ሆነሽ ትመጪያለሽ። ስለዚህ ያንን መሬት ላይ እያንዣበቡ ብረት የሚፈልጉበትን መሣሪያ ጠይቂልኝ። ርካሽ ይሁን። የላም ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ ላም እገዛና በቀንዷ አስቆፍራለሁ።

አያትሽ ራንጌል


ሙርሲያ፣ ማርች 31 ቀን 2018

አባባዬ፣

ስለ ኮሎኔል ነፍስ ይማር። ደብዳቤህን ዕረፍት ሰዓት ላይ ሎሚ ማሸጊያው ጋ ቆሜ አነበብኩት፤ ብቻዬን ስስቅ ተቆጣጣሪዋ መጣችና አስደነገጠችኝ። ከአራት ቀን በፊት መጻፍ ነበረብኝ፤ ይቅርታ። እጄን ሎሚው ቆራርጦት እስክሪብቶ መያዝ ያቃጥለኛል።

አብራኝ የምትሠራ ሴት ባል አላት፣ ፓኮ ይባላል። በየእሑዱ ቱሪስቶቹ ሲሄዱለት ባሕር ዳር ይወርድና ሳንቲምና ቀለበት ይፈልጋል። ትርፍ የለውም፤ ደስ ስለሚለው ነው። ስላንተ ስነግረው ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረኝ። በእኛ ገንዘብ አስልቼ የገባኝን ልጻፍልህ።

ከመቶ ሌቫ በታች ያለውን እንዳትነካው፤ የልጆች መጫወቻ ነው፣ ከመዳፍ ጥልቀት አያልፍም። ሺህና ሁለት ሺህ የሚያወጣውም ላንተ አያስፈልግም። እሱ ጥፍር የምታህል የብር ሳንቲም ለሚፈልግ ነው፤ ያንተ የጋን ክዳን ነው፣ ትልቅ ነገር ከሩቅ ይገኛል። ከሦስት መቶ እስከ አራት መቶ ሌቫ ባለው መካከል ጥሩ አለ፣ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ይቀንሳል። ከታች ያለው ክብ ሳህን ሰፋ ያለ ይሁን፤ ሰፊው ጥልቅ ይደርሳል። ክብደቱን ግን ሳትገዛ በፊት በእጅህ ይዘህ ሃምሳ ጊዜ ግራ ቀኝ አወዛውዘው፤ ሱቅ ውስጥ የቀለለ ሁሉ እርሻ ላይ ይከብዳል ይላል ፓኮ። ትከሻህን አስብ። አፈሩ ራሱ ብረት ስላለው መሣሪያው እንዳይቀባጥር ለመሬቱ የሚስተካከል ቁልፍ ያለው ይሁን።

ዋናው ይኸው፣ አባባ፤ ስክሪን ያለው ግዛ። ከመሬት በታች ያለው ምን እንደሆነ በቁጥር ያሳይሃል። ድምፁም ይለያያል፤ ለሚስማርና ለቆሻሻ ብረት ወፍራም፣ ለመዳብና ለብር ቀጭን። ግን ድምፅ ያደናግራል፣ ቁጥር ይሻላል ብሎኛል።

ደግሞ አስመዝግበው። ሳይመዘገብ ይዘኸው ብትገኝ ቅርስ ሊሰርቅ ነው ይሉሃል።

ካሎያን ሰላም ብሎሃል። ሠርጉ ቪዲን ከተማ ሬስቶራንት ይሁን ይላል ካሎያን፤ እኔ አባባ ግቢ ነው የምለው። ካሎያን «ዝናብ ቢዘንብስ?» ይላል። እንነጋገራለን። ካሎያን ከመኪና ሥራው ሲመለስ ሁሌ ደክሞት ነው፣ እኔም ደክሞኝ ነው፤ የምንነጋገረው እሑድ ብቻ ነው።

ዴኒጻህ


ጎርና ቨርባ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2018

የኔ ዴኒጻ፣

መሣሪያው ቤት ገብቷል። «ምን ዓይነት ገዛህ?» ብለሽ በሁለት መስመር የጻፍሽውን ካርድ ትናንት አገኘሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ እንዳትቆጪ።

ከአያ ጾሎ ጋር ቪዲን ገበያ ሄድን። አንድ ጺሙን ያንዠረገገ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሰባቱን ዘርግቶ ይሸጣል።

«ምን ልትፈልግበት ነው አባቴ?»

«ሠርግ።»

«ሠርግማ በዚህ አይገኝም» አለኝ። ልጁን ወደድኩት።

እንዳልሽው እያነሳሁ አወዛወዝኩ። የመጀመሪያው አሥራ አምስት ላይ ትከሻዬን ጠራው። ሁለተኛው ቀለል ያለ፣ ስክሪን ያለው፣ ሁሉም ነገር አንቺ እንዳልሽው፤ ሦስት መቶ አርባ ሌቫ። ሦስተኛው ያገለገለ፣ ሳህኑ ሰፊ፣ እንደ መጥረጊያ የሚቀል፣ ስክሪን የሌለው፤ መቶ ሰባ።

«ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ ጾሎ። «የመብራት ቆጣሪህን እንኳ ስታንካ አይደለች የምታነብልህ!»

ነጋዴው ደግሞ፦ «ጆሮ ላለው ሰው ስክሪን ትርፍ ነው። ይሄ ብረት ሲያገኝ እንደ አሳማ ያጉረመርማል፣ መዳብ ሲያገኝ እንደ ጫጩት ይጮሃል። ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ አድርግ።» አደረግኩ። ሚስማር መሬት ጣለና ሳህኑን አሳለፈበት፤ እርግጥ ነው አሳማ። ከዚያ የጣቱን የብር ቀለበት አውልቆ ጣለ። «ጫጩቷን ሰማሃት?»

«ሰማኋት» አልኩት።

መቶ ሰባውን ከፈልኩ። ማዳመጫውን በነጻ መረቀልኝ፤ ጎረቤት እንዳይሰማህ፣ ባትሪም ይቆጥብልሃል ብሎ። ማስመዝገቡንም ጨርሻለሁ። ጸሐፊዋ ቅጹን ስትሞላ «ቅርስ ካገኙ ያሳውቃሉ?» ስትለኝ «በመንደራችን ያለሁት ቅርስ እኔው ነኝ፣ ላሳውቅሽ መጥቻለሁ» አልኳት። ቀና ብላ ሳታየኝ ማኅተሟን መታች። የደከመች ልጅ ናት፤ አንቺን መሰለችኝ።

ለካሎያን ንገሪው፤ ዝናብ ከዘነበ ጎተራው ውስጥ አርባ ሰው ይገባል። አሥራ ዘጠኝ ነን፣ ቦታ ይተርፋል።

አያትሽ


ጎርና ቨርባ፣ ጁን 10 ቀን 2018

የኔ ዴኒጻ፣

«የት ደረስክ?» ላልሽው፣ የግቢውን ሲሶ ጨርሻለሁ። በጠዋት ጤዛው ሲደርቅ እወጣለሁ፣ ፀሐይ ሲበረታ እገባለሁ፣ ማታ ትከሻዬን በአረቄ እታሻለሁ፣ የተረፈውን እጠጣለሁ። ሥራው እንደ አጨዳ ነው፣ የምታጭጂው ነገር የለም እንጂ።

እስከ ዛሬ ያገኘሁት ሀብት ይህ ነው። ሚስማር፤ መቶ ሲሞላ መቁጠሬን ተውኩ። ሁለት የፈረስ ጫማ። የኅብረት እርሻው ማረሻ ጫፍ፤ ያኔ ጠፋ ተብሎ ሦስት ሰው የተቀጣበት። የአባትሽ ብስክሌት ሰንሰለት። የበር ማጠፊያ። አንድ መጥረቢያ፣ እሱን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ጾሎን ሰርቀኸኛል ብዬ ለሁለት ዓመት ኩርፍ ብዬበት ነበር። ወስጄ ሳሳየው አገላብጦ አየውና «ይቅርታህን በጽሑፍ አድርገውና አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለጥፈው» አለኝ።

መንደሩ ሁሉ ወርቅ እየፈለገ ነው ብሎኛል። እትዬ ስታንካ አጥሩ ላይ ተደግፋ «ራንጌል፣ ቱርኮቹ የተዉትን ገንቦ ስታገኝ እንዳትረሳኝ፣ ጥርሴን አስተክልበታለሁ» ትለኛለች። «ገንቦው ከተገኘ ለአፍሽ መዝጊያ ነው የሚውለው» እላታለሁ። ትስቃለች መሰለኝ፤ አፏ ይከፈታል።

መዳቡ ግን የለም። ከአሳማው ሌላ የሚያናግረኝ የለም። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲያጉረመርም ይውልና ስተኛም ይከተለኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደክሞኛል። ግን ገና ሁለት ሲሶ ይቀራል፣ ሦስት ወርም አለ።

ደብዳቤዎችሽ እያጠሩ ነው። ሎሚው በዛ?

አያትሽ


ሙርሲያ፣ ጁላይ 7 ቀን 2018

አባባ፣

ደብዳቤህን ለፓኮ አነበብኩለት። በመጥረቢያው ሳቀ። ከዚያ ዝርዝሩን ድገሚልኝ አለኝና ሳቁን አቆመ።

«ሁሉም ብረት ነው» አለኝ። «አንድ እንኳ ሌላ የለም። ሰው ሰማንያ ዓመት የኖረበት ግቢ ውስጥ የናስ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የጠርሙስ ቆርቆሮ፣ የጥይት ቀለህ ሳይወድቅ? ሊሆን አይችልም። መሣሪያው ከተበላሸ ሁሉንም ያጣል፤ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ለይቶ አያጣም።»

ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። አያ ጾሎ ኮሎኔል ጠዋት ቀስቅሶኛል ብሎህ ነበር። አንተ ግን ከጃንዋሪ ጀምሮ ድምፁ ተዘግቷል አልክ። እትዬ ስታንካ ትስቃለች «መሰለኝ» ብለህ ጻፍክ። ስልኩም ንፋስ ብቻ ነው አልከኝ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ አባባ። ከልጅነቴ ጀምሮ «ፉጨቴ» እያልክ ነው የጠራኸኝ።

ዶሮው ዝም አላለም አይደል?

በዚህ አትቀልድብኝ። በሌላው ቀልድ። ሐኪም ጋ ሂድ።

ዴኒጻ


ጎርና ቨርባ፣ ጁላይ 26 ቀን 2018

የኔ ዴኒጻ፣

አልቀልድም። ሦስት ቀን ልቀልድ ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ሎም ከተማ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሟ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝና ድምፅ ስሰማ እጄን እንዳወጣ ነገረችኝ። ትምህርት ቤትም እንደዚያ ነበርኩ፤ እጄን የማወጣው ከሌላው አርፍጄ። ሲያልቅ ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር አሳየችኝ። መስመሩ በስተግራ ደህና ይሄድና መሐል ላይ እንደ ገደል ይወርዳል። ወፍራሙን እሰማለሁ፣ ቀጭኑ ሄዷል። ትራክተር አለ፣ ነጎድጓድ አለ፣ ጾሎ አለ። ወፍ የለም፣ የስታንካ ሳቅ የለም፣ አንቺ የለሽም።

የስልኩ መስመር አልተበላሸም፣ ዴኒጻ። ጾሎ ሲደውል ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የገና ዕለት ስትደውዪ ሰላሳ ደቂቃ ሙሉ «እሺ፣ እሺ» ስልሽ የነበረው አንድም ቃል ሳልሰማ ነው። የሠርግሽን ቀን የነገርሽኝ ያን ዕለት ኖሯል። ከሳምንት በኋላ ከጾሎ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ነው ስልኩን ያበላሸሁት።

ገበያም ላይ ነጋዴው ጫጩቷን ሰማሃት ሲለኝ ምንም አልሰማሁም። ሰው ቆሞ ነበር፣ ጾሎ ቆሞ ነበር። ስክሪን ያለውን ልግዛ ብል ለምን ይሉኛል አልኩ። በመቶ ሰባ ሌቫ ኩራት ገዝቼ ተመለስኩ። ኮሎኔልንም በከንቱ በላሁት። ማስታወቂያውን ከግድግዳው አንሥቼ አርሜ ለጥፌዋለሁ፤ «በዳኛ ስሕተት» የሚል ጨምሬበት።

አሁን የእኔ ተራ ነው። በማልሰማው ነገር ባለሙያ ሆኛለሁና።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። በማርች ካሎያን የሚለው ስም አራት ጊዜ አለ። በሜይ ሁለቴ። በጁን የሠላምታው መጨረሻ ላይ አንዴ፣ ያውም «እነ ካሎያን» ይላል። በጁላይ ምንም የለም። ስለ ሬስቶራንቱም ስለ ዝናቡም የለም። የነጭ ቀሚሱን ዋጋ ጠይቄሽ ስለ ፓኮ ሚስት ወገብ ሕመም ነው የመለስሽልኝ።

እኔ አልጠይቅሽም። የሚነግሩት ሲሆን ይነገራል። ብቻ ብቻሽን ከሆንሽ፣ እዚያ ሎሚ መሐል ቆመሽ «ሰማሁ፣ ሰማሁ» እንዳትዪ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ዶሮ ያስበላል።

አያትሽ


ሙርሲያ፣ ኦገስት 19 ቀን 2018

አባባ፣

በሜይ መጨረሻ ነው። ጠብ አልነበረም። አንድ እሑድ ስንነጋገር ሁለታችንም የምንለው አጣን። የሚቀጥለው እሑድ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። አሁን ጀርመን ነው ይላሉ።

ያልነገርኩህ ትከሻህ እያመመህ በየጠዋቱ ስለምትወጣ ነው። ሠርግ የለም ብልህ ምን ልታደርግ ነው አልኩ። በኋላ ደግሞ ቀናት አለፉ፣ ካለፉ በኋላ መንገር ይበልጥ ከበደኝ።

እባክህ መፈለጉን አቁም። ደምጃኑ ሠርግ ነው የሚጠብቀው። ባለበት ይቆይ።

በኦክቶበር የአሥር ቀን ፈቃድ አለኝ። እመጣለሁ ብዬ ቃል አልገባም። አንተን ሳላይ መቅረት አልፈልግም፤ ግን ከአውቶቡስ ስወርድ መንደሩ በሙሉ «ሙሽራው የታል?» ሲለኝ ይታየኛል። ለአሥራ ዘጠኝ ሰው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የምመልስበት አቅም የለኝም። እንዲሁ ደክሞኛል።

ዴኒጻህ


ጎርና ቨርባ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2018

የኔ ዴኒጻ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። አቁም ብለሽኝ ነበር፤ አላቆምኩም። ደብዳቤሽን ሁለቴ አንብቤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ደምጃኑን የቀበርኩ ጊዜ ካሎያን የሚባል ሰው አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ሁለት ኪሎ ተኩል የምትመዝን፣ ስታለቅስ መስኮት የምታንቀጠቅጥ ልጅ ነው። የቀበርኩት ለእሷ ነው።

«ታዲያ መዳቡን እንዴት ሰማህ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔ አልሰማሁም። እትዬ ስታንካን ለመንኳት።

መሣሪያውን እኔ ያዝኩ፣ ማዳመጫውን እሷ ራሷ ላይ ደፋች። የማዳመጫው ገመድ ደግሞ ክንድ አይሞላም። ስለዚህ ተለጣጥፈን ነው የምንሄደው፤ እኔ እንደ በሬ ከፊት፣ እሷ እንደ አራሽ ከኋላ። ጾሎ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይከተለናል።

«ራንጌል፣ ትንሽ ራቅ በልላት!» ይላል።

«ገመዱን አስረዝምና እርቃለሁ!»

«ሃምሳ ሁለት ዓመት አግብቼያት እንዲህ ተጠግታኝ አታውቅም!»

«አንተ ቆሻሻ ብረት ብቻ ስለሆንክ ነው» ትለዋለች ስታንካ። ይህንን ራሱ ጾሎ ነው ጮኾ የደገመልኝ፤ ራሱን ሲሰድብ መስማት ደስ ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ምን እንዳገኘን ልንገርሽ። አሥራ አንድ ሳንቲም፣ ኔዳ ስትሰፋ ጣቷ ላይ የምታጠልቀው የናስ መከላከያ፣ የወታደር ካፖርቴ የናስ ቁልፍ፣ የአንቺ የወተት ጥርስ የነበረበት ትንሽ የመዳብ ሣጥን፤ ባዶውን። ሁሉም ሦስት ወር ሙሉ የረገጥኩት መሬት ውስጥ ነበር። ስታንካ «ይኸው፣ ይኸው ጫጩት!» እያለች በየእርምጃው እጄን ትጎትታለች። እኔ ጋ ዝም ነው። መሬቱ እንዲያ ሙሉ ሆኖ እኔ ባዶ ነው እያልኩ ስቆፍር መክረሜ፣ ማታ ብቻዬን ስቀመጥ ትንሽ ከበደኝ።

አምስተኛው ቀን ላይ የዶሮ ቤቱ ጋ ደረስን። እዚያ ፈልጌ አላውቅም፤ የሽቦ አጥሩ መሣሪያውን ያሳብደዋል። ባለቤቱም ሞቷል ብለን ሽቦውን ነቀልን፣ ጣውላውን አፈረስን። ስታንካ ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። ማዳመጫውን አውልቃ ለጾሎ ሰጠችው፣ እሱም አዳመጠና ማዳመጫውን ለእኔ ሊሰጠኝ ዘረጋ፤ ከዚያ አስታወሰና መልሶ ያዘው።

አካፋውን ቀማሁት። ክንድ ከስንዝር ቆፍሬ ነካሁት። ያንን ድምፅ ዴኒጻ፣ ሰማሁት፤ መዳብ በአካፋ ሲመታ ወፍራም ነው፣ እንደ ደወል ነው። ክዳኑ ሣር መስሏል፣ አረንጓዴ ሆኗል። ኮሎኔል አምስት ዓመት ሙሉ የጮኸው እላዩ ላይ ቆሞ ነው።

አሁን ደምጃኑ ደረጃው ሥር፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አልተሰበረም። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው፣ መልኩ እንደ ማር። ሦስታችንም ዙሪያውን ቆመን አየነውና ማንም አልነካውም።

ስለ አውቶቡሱም አስቤበታለሁ። ማቆሚያው ላይ፣ ከሃያ ሰባቱ ሙታን ጎን፣ ዙሪያውን በጥቁር ሳይሆን በቀይ አስምሬ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ለጎርና ቨርባ ነዋሪዎች በሙሉ። ዴኒጻ ወደ ቤቷ ስትመጣ ስለ ሙሽራ የጠየቀ፣ የጠቀሰ ወይም ያቃሰተ ሰው ከሃያ ሰባት ዓመቱ አረቄ አንዲት ጠብታ አይቀምስም። ራንጌል።» አሥራ ስምንቱም አንብበዋል። ጾሎ ከሥሩ ፈርሞበታል። ስታንካ ማቃሰቱ ይቀነስልኝ፣ ጉልበቴ ነው ብላ አቤቱታ አስገብታለች፤ እየታየላት ነው።

ስለዚህ ማንም አይጠይቅሽም። ለአሥር ቀን ነይ። ለአሥር ቀን ብቻ ከሆነ ለአሥር ቀን። ከመምጣትሽ በፊት መደወል ከፈለግሽ ደውዪ፣ ስልኩ ድኗል፤ ብቻ ድምፅሽን እንደ ጾሎ አወፍሪው። ካልቻልሽ ለእሱ ንገሪው፣ እሱ ይጮህልኛል።

ፖስታውን ልዘጋ ስል አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ አንዷን ግን ከራሴ ነው የጨመርኳት። ደምጃኑ ሙሉ አይደለም። ቡሹ በአንድ በኩል በስብሶ ኖሯል፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ መሬቱ ቀስ እያለ ሲጠጣብን ከርሟል። ብርሃን ላይ አድርገን ስናየው ግማሽ ነው፣ ቢበዛ አሥር ሊትር። ለሠርግ አይበቃም ነበር፤ በሠርጉ ቀን ቢወጣ ኖሮ ያዋርደን ነበር።

ለአንቺና ለእኔ ግን ይተርፋል።

አያትሽ ራንጌል